መስታወት የሌለው ስቱዲዮ

ማይክሮፎኑን የገደለው የአስተዳደር ኃላፊው ነው። ይሄን ከመናገር ወደኋላ ብዬ አላውቅም፤ ሰውየውን ነገ መንገድ ላይ ባገኘው ፊት ለፊቱ እደግመዋለሁ። ባለቤቴ ጡረታ በወጣበት ቀን ሬዲዮ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ሽኝት ተደረገለት። ለክብሩ ተብሎም ዕድሜ ልኩን ዜና ያነበበበት ያ ትልቁ አሮጌ ማይክሮፎን ከስቱዲዮ ወጥቶ መድረኩ ላይ ተተከለ። «እባካችሁ የማያውቀው ሰው አይንካው» ብዬ ለምኜ ነበር። ኃላፊው ሆዬ ከረባቱን አስተካክሎ መጣና አፉን ማይክሮፎኑ ላይ ለጥፎ «ፉ! ፉ! ይሰማል?» አለ። ከዚያ በኋላማ ምን ይሰማል! ጭጭ አለ። የዚያ ማይክሮፎን ነፍሱ ሆዱ ውስጥ የተወጠረች ከሲጋራ ወረቀት የቀጠነች የአሉሚኒየም ጥብጣብ ናት። ሲናገሩባት ትርገበገባለች፣ ሲተነፍሱባት ትበጠሳለች። እኛ ዘንድ ጀማሪ ቴክኒሺያን ከሁሉ በፊት የሚማረው ይሄንን ነው፤ ኃላፊን ግን ማን ያስተምረዋል?

ከዚያ ደግሞ የሞተውን ማይክሮፎን በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልለው «ማስታወሻ ይሁንዎት» ብለው ለባለቤቴ ሸለሙት። ገድለው ሬሳውን ሰጡት ማለት ነው። እሱ እየሳቀ ተቀበለ፤ እኔ ደሜ እንደፈላ ቤቴ ገባሁ። ማይክሮፎኑም ሳሎን መደርደሪያው ላይ ወጥቶ አቧራ ሲጠጣ ከረመ።

እኔ በዚያው ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሺያን ነበርኩ። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ያነባል፤ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ እቀዳለሁ። በመስታወቱ ድምፅ ስለማያልፍ የምንግባባው በእጅ ነው። ጣቴን ወደሱ ከቀሰርኩ «አሁን ተናገር፣ አየር ላይ ነህ» ማለት ነው። ጣቴን በአየር ላይ ካዞርኩ «ፍጠን»። ሁለት እጆቼን ላስቲክ እንደሚስብ ሰው ግራና ቀኝ ከሳብኩ «ጎትተው፣ ገና ሰዓት አለህ፣ የሆነ ነገር እያወራህ ሙላው»። መዳፌን ጉሮሮዬ ላይ ካሳለፍኩ ደግሞ «ቁረጥ»። በነዚህ ምልክቶች ተዋደናል፣ ተጣልተናል፣ ታርቀናል። ቤታችን የመጣ እንግዳ አልሄድ ሲል ባለቤቴ ከጠረጴዛው ስር ጣቱን ያዞርልኛል፤ እኔም እንግዳውን እንደምንም ብዬ እሸኘዋለሁ።

ያ መስታወት ግን መጥፎ አመል አስተምሮኛል። ማንም አይሰማኝም እያልኩ ብቻዬን ማውራት። «ቀስ በል እንጂ፣ ማን አባረረህ!» «አሁን ይሄ ማንበብ ነው? ኤዲያ!» እያልኩ ስንቱን ትልቅ ሰው እዚያው ፊት ለፊቱ ዘርጥጬዋለሁ። ከኔ አፍ ያመለጠ የለም፤ የሰማኝም የለም። ጡረታ ወጥቼም አመሉ አለቀቀኝም። ባለቤቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ ሲጮህበት ኖሮ ጆሮው ከብዷል፤ ፊቱን እያዩ ጮክ ብለው ካላናገሩት አይሰማም። ስለዚህ አጠገቡ ተቀምጬ የልቤን አወራለሁ። መስታወቱ ቢቀርብኝ የእሱ ጆሮ መስታወት ሆነልኝ።

ድምፁ መሻከር ሲጀምር «ብርድ መትቶኝ ነው» አለ። ሥራ ቦታ «ጎርናናው» ነበር የሚሉት፤ መልኩን የማያውቁት ሰዎች እንኳ አውቶቡስ ውስጥ «እዚህ ጋ ልውረድ» ሲል ዞር ብለው ያዩት ነበር። ያ ድምፅ ውስጡ አሸዋ የገባበት መሰለ። ማር ላሰ፣ ዝንጅብል አኘከ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቀለለ፤ ወይ ፍንክች! ልጃችን በግድ ጎትታ ሐኪም ቤት ስትወስደው ነው ጉዱ የወጣው። ልክ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ እጢ በቅሏል። የድምፅ ሳጥኑ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አንገቱ ላይ በሚበሳ ቀዳዳ ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዳፍ ጉሮሮ ላይ የሚያልፍበት ምልክት ከቤታችን ጠፋ። ይህ ምልክት ይቅር ብሎ የተናገረ የለም፤ በራሱ ጊዜ ቀረ።

እሱማ እኔ ለቀጠሮው ይዤው ስሄድ ሐኪሙ ፊት ቀለደ። «ሕዝቡም ይረፍበት፤ ብዙ ዓመት ጨቅጭቄዋለሁ» አለ። ልብሱን ሊለብስ መጋረጃው ውስጥ ሲገባ ሐኪሙ እኔን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ።

«እርስዎ ማወቅ አለብዎት» አለኝ። «ይሄን ኦፕሬሽን የምናደርገው መተንፈስ እንዲችል ነው፤ እጢው ሊዘጋው ተቃርቧል። ይድናል ብዬ ግን ልዋሽዎት አልችልም። በሽታው ወደ ሳንባው ወርዷል።»

«ልጃችን እርጉዝ ናት» አልኩት። ለምን ይሄን እንዳልኩ አላውቅም፤ ያለው ነገር ሁሉ ከአእምሮዬ ወጥቶ ይሄ ብቻ ቀረ። «የልጅ ልጁን ያያል?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው። «አይመስለኝም» አለ።

ከዚያ ባለቤቴ ሸሚዙን አዛብቶ ቆልፎ ወጣ፤ እኔም አስተካክዬ ቆለፍኩለት። አልነገርኩትም። ሰው ተስፋውን ተቀምቶ እንዴት ቢላ ስር ይተኛል? ለልጃችንም አልነገርኳት፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል ተብላለች። ብቻዬን ያዝኩት። ብቻዬን ይዤ ደግሞ እንደ አመሌ ኩሽና ውስጥ ሳህን እያጠብኩ «አያየውም፣ አያየውም» ስል ራሴን እሰማለሁ። እሱ ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣውን ይገልጣል።

የሱ ሐሳብ ሌላ ነበር። አንድ ቀን ምሳ በልተን ስናበቃ ለልጃችን እንዲህ አላት፦ «ከቢላው በፊት ድምፄን እቀዳለሁ። ዜና አይደለም፣ ተረትም አይደለም። አያት ለልጅ የሚለውን ነገር። ደህና አደርክ፣ በላህ ወይ፣ ማን ነካብኝ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ከዚያ ልጁ ሲመጣ አጠገቡ እቀመጥና የመቅጃ ማሽኑን እከፍተዋለሁ። ማሽኑ ያወራል፣ እኔ አፌን አንቀሳቅሳለሁ። ሕፃን ምን ያውቃል? ያያቱ ድምፅ ካያቱ አፍ የወጣ ይመስለዋል።»

ልጃችን ሳቀች፣ እያለቀሰችም ሳቀች። እኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ተነሳሁ።

ልጅቷ ወዲያው ስልኳን አወጣች። «አባዬ፣ ለምን አሁን አንቀዳም? በዚሁ ይበቃል እኮ።» ቀዳችው። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማና ፊቱን ቋጠረ። «ይሄ ደግሞ ማነው? ጣሳ ውስጥ የገባ ሰው ነው እንዴ? እኔ በዚህ ድምፅ ከልጄ ልጅ ጋር አልተዋወቅም!» አለና ወደ መደርደሪያው አየ። ከዚያ ወደኔ።

«እንዳታስበው» አልኩት። «ሞቷል። ጥብጣብ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«ታመጫለሽ።»

«ሞኝህን ፈልግ!»

«አግኝቻት አግብቻታለሁ» አለ በተሻከረው ድምፁ። በቃ፣ ተሸነፍኩ።

የኦፕሬሽኑ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ድምፁም ከቀን ቀን እየከዳው ነው። የምግብ ጠረጴዛውን ወረስኩት። ማይክሮፎኑን ፈታሁት። የፊት ወንፊቱ ዝጓል፣ ከወንፊቱ ስር ያለው ስስ ጨርቅ በብል ተበልቷል። ሁለቱ ማግኔቶች መካከል ደግሞ የተበጠሰችው ጥብጣብ ኩርምት ብላ ተንጠልጥላለች፤ ያ ሰውዬ ፉ ባለበት ቅጽበት እንደነበረች። ዳግመኛ ደሜ ፈላ። ማግኔቱ ዓመታት ሙሉ የብረት ብናኝ ሲለቅም ኖሯል፤ በተጣባቂ ወረቀት እየነካሁ አንድ በአንድ አጸዳሁት። አንዲት ብናኝ ከቀረች ጥብጣቧን ነክታ ታንኮሻኩሻታለች። የሚሠራበት መሣሪያ ሁሉ ብረት መሆን የለበትም፤ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ከእጅ ነጥቆ ይወስደውና ጥብጣቧን ይቀድዳታል። የልጃችንን የነሐስ ወረንጦ ወሰድኩ። ቅንድቧን የምትለቅምበትን።

ለወንፊቱ ጨርቅ ደግሞ የናይለን ስቶኪንጓን ቀደድኩ። «እማ! እሱን እኮ ገና አንዴ ነው ያደረግኩት!» ብላ ጮኸች።

«በዚህ ሆድሽ ስቶኪንግ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

አባቷ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አላቆም አለ።

ጥብጣቧን ያገኘኋት ከአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ ነው። የድሮ ሬዲዮ ካፓሲተር ሆዱ ሲከፈት እንደ ፋሻ ተጠቅልሎ የሚተረተር ስስ አሉሚኒየም አለው። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ በአዲስ ምላጭ አንዲት ቀጭን ቁራጭ ሰነጠቅኩ። ከተሰበረ ካሴት ማጫወቻ ባወጣኋቸው ሁለት የፕላስቲክ ጊሮች መካከል አሳለፍኳት፤ ጥርሳቸው እንደ ቀሚስ ሽንሽን አድርጎ አሸበሸባት። እንዲህ ካልተሸበሸበች አትርገበገብም። በወረንጦው አንስቼ ማግኔቶቹ መሐል ላስገባት ስል ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ «ደረስሽ?» አለ። ጥብጣቧ ብን ብላ ሄደች። ወለሉ ላይ በጉልበቴ ሄጄ ሳገኛት ተጨማድዳለች።

«ትንፋሽህን ያዝ አላልኩህም!» ብዬ ጮህኩበት።

ለማን እንደጮህኩ ትዝ ያለኝ ካልኩት በኋላ ነው። እሱ ግን እጁን አፉ ላይ አድርጎ ከክፍሉ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ወጣ፤ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ሌላ ቁራጭ ሰነጠቅኩ። እሷም ተበላሸች። ቀጥሎ የመጣችው ተሳካላት፤ ላላም ሳትል ጠበቅም ሳትል በሁለቱ መያዣዎች መሐል ቆመች። የተበላውን ገመድ ቆርጬ አዲስ በየድኩለት። ወንፊቱን መለስኩ፣ ማይክሮፎኑን ከመቅጃ ማሽኑ ጋር አገናኘሁ።

ሙከራው ላይ ልጃችን ከሥራ መጥታ ነበር። ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው መሐል አቁሜ አባቷን ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩት፤ እሷ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ከዚያ ተነሺ» አልኳት። «ወደ ጎን ነይ።»

«ከጀርባው ነኝ እኮ እማ።»

«ይሄ የናንተ ዘመን ማይክሮፎን አይደለም። ፊቱም ጀርባውም እኩል ይሰማል፤ የሚደነቁረው በጎኑ ብቻ ነው። ድሮ ድራማ ስንቀዳ ሁለት ሰዎች በዚህና በዚያ አስቀምጠን በአንዱ ማይክሮፎን ነበር የምንቀዳቸው። እዚያ ሆነሽ ብታዛጊ እንኳ ማዛጋትሽ ይገባል።»

ተነስታ ጎኑ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቴ «አንድ፣ ሁለት» አለ። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ስሰማው፣ ወይ ጉድ! ያው ነው። አሸዋው አለ፣ ነገር ግን ከአሸዋው ስር ያ ድሮ መስታወቱን አልፎ ሆዴ ውስጥ ይገባ የነበረው ድምፅ አለ። «እሰይ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። ልጅቷ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። በዚያች ሰዓት ኮሪደሩን፣ ሐኪሙን፣ እስክሪብቶውን ሁሉ ረስቼ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ረስቼ ነበር።

የቀዳነው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሰፈሩ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሸኝቶ ጸጥ ሲል። ልጃችን ሥራ ሄዳለች። በሩና መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ የግድግዳውን ሰዓት አውርጄ መታጠቢያ ቤት ቆለፍኩበት፣ ፍሪጁን ነቀልኩ። ባለቤቴ ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ መጣ።

«ለማይክሮፎን ነው እንዲህ የምትሽቀረቀረው?» አልኩት።

«ለልጄ ልጅ ነው፤ ቀጠሮ አለኝ» አለ።

ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ማሽኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ፊት ለፊቱ። ዕድሜዬን ሙሉ የተቀመጥኩት እዚያ ነው። እሱ ቀና ሲል ሊያየኝ የሚፈልገውም እዚያ ነው። የት ልቀመጥ ብዬ አላሰብኩም፤ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ቀና ብሎ እጄን ጠበቀ። ጣቴን ቀሰርኩበት።

ልጃችን የፀነሰችው ወንድ ይሁን ሴት ማወቅ አልፈልግም ብላ ነበር፤ ስለዚህ ለሁለቱም ሊያወራ ወስኗል፤ መጀመሪያ ለወንድ፣ ቀጥሎ ለሴት። «እንደምን አደርክ የኔ ጌታ?» አለና ዝም አለ። ልጁ የሚመልስበትን ጊዜ ሰጥቶት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰዓት ሰው ነው፤ ዝምታውን እንኳ ለክቶ ነው የሚተወው። «ቁርስህን በላህ?» ዝም። «ማነው የነካብኝ? አሳየኝ እስቲ!» ዝም። እንዲህ እያለ ሄደ።

የጆሮ ማዳመጫውን ገና መጀመሪያው ላይ አወለቅኩት። አልቻልኩም። ድምፁ በሁለቱም ጆሮዬ ገብቶ፣ ያን ያህል ቀርቦ፣ ለማይኖርለት ሰው ሲያወራ መስማት አልቻልኩም። አንገቴ ላይ ጣል አድርጌው የማሽኑን የድምፅ መለኪያ መርፌ ብቻ ማየት ጀመርኩ። እሱ ሲናገር መርፌዋ ትነሳለች፣ ዝም ሲል ትወድቃለች። አንዳንዴ ዝም ሲልም ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፤ ከውጭ የሚያልፍ መኪና ነው አልኩ። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ እንደነበር አውቃለሁ። ከንፈሬ መቼ አርፎ ያውቃል?

ለሴት የሚሆነው ላይ ሲደርስ ድምፁ መድከም ጀመረ። ውሃ ጠጣ፣ ጉሮሮውን ያዘ፣ ቀጠለ። መጨረሻው ላይ «ተኚ በቃ፣ አትፍሪ፣ እኔ አለሁ» አለና ዝም አለ፤ ዝምታውን ለክቶ ጨረሰና ቀና አለ። ማሽኑን አጠፋሁ። «እንዴት ነበር?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ሁለተኛ አልተመለሰም።

«አንደኛ!» አልኩት ጮክ ብዬ።

ሥራ ላይ እያለሁ ሳልሰማው ያሳለፍኩት ቅጂ የለም። ይሄንን ግን አልሰማሁትም። ዛሬ እሰማለሁ፣ ነገ እሰማለሁ ስል የኦፕሬሽኑ ቀን ደረሰ።

ኦፕሬሽኑ ሐኪሞቹ እንዳሉት በደህና ተጠናቀቀ። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ መሐሉ ላይ ቱቦ ተሰክቶለት፣ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተንጠልጥሎለት፣ ብዙ አልጋ ካለበት ክፍል መስኮቱ አጠገብ አስተኙት። ነርሷ የሚጽፍባት ትንሽ ሰሌዳ ሰጠችው። እንደ ሐኪም ማዘዣ የማይነበብ ጽሑፍ ነው ያለው፤ «ውሃ» ብሎ ሲጽፍ እኔ «ወንበር» ብዬ አንብቤ ወንበር አቀረብኩለት። በዚህ እንኳ ሳቀ፤ ያለ ድምፅ፣ ትከሻው ብቻ እየተነሳ።

ትንሽ በረታ ሲል ልጃችን ልታስደስተው ፈለገች። ቅጂውን ከማሽኑ ስልኳ ላይ ገልብጣ፣ የኔን ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ ይዛ መጣች። እኔ ሾርባ ላመጣለት ቤት ሄጄ ነበር። ስመለስ በሩ ላይ አገኘኋት፤ ወደ ሥራዋ እየሄደች ነው።

«ድምፁን አመጣሁለት» አለችኝ። «እኔ የመጀመሪያዋን ቃል ሰምቼ አለቀስኩ፤ ተውኩት። ልጄ ሲመጣ አብረን እንሰማዋለን። እሱ ግን ይስማ፤ ደስ ይለዋል።»

ሾርባውን ይዤ ገባሁ።

ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። የጆሮ ማዳመጫውን አድርጓል፤ ጆሮው ከባድ ነውና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል። ደስ ያለው ሰው አይመስልም። ሲያየኝ ፈገግ አላለም፤ ፊቱንም አላዞረም። ብቻ አየኝ፤ ዜና ሲያነብ ድንገት አዲስ ወረቀት ሲመጣለት፣ ገና ሳያነበው ክፉ ወሬ መሆኑን አውቆ ያየኝ እንደነበረው። ጣቱን ስልኩ ላይ አድርጎ ቅጂውን ወደኋላ መለሰው። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ዘረጋልኝ።

አደረግኩት። «ና እስቲ ልይህ! አደግክብኝ እኮ!» አለ ድምፁ፤ ሙሉ፣ ሞቅ ያለ፣ ያ የድሮው። ከዚያ ልጁ እንዲመልስ የተወለት ዝምታ መጣ። በዝምታው ውስጥ የሴት ድምፅ ገባ፤ ዝቅ ያለ፣ ግን ጥርት ያለ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል።

«አታየውም። አንተ ሰውዬ፣ አታየውም። አይመስለኝም አለ እኮ ሐኪሙ።»

ላወልቀው ስል እጄን ያዘኝ። ቀጠለ። «ነይ እስቲ ልይሽ!» ዝም። «አታያትም።» የኔ ድምፅ ሌላም ሌላም ይላል፤ ስለ ሳንባው፣ ስለ ኮሪደሩ፣ «ምነው እኔን ባደረገኝ» ይላል። መጨረሻው ላይ «ተኚ በቃ፣ አትፍሪ፣ እኔ አለሁ» አለ እሱ። «የለህም» አልኩ እኔ። «ወይኔ ጉዴ፣ የት አለህ?»

ያን ጊዜ ነው የተቀመጥኩበት ቦታ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። ልጄን «ከዚያ ተነሺ» ብዬ ያስነሳሁበት ቦታ። መስታወቱ ያልነበረበት ቦታ። በእጄ የሠራኋት ጥብጣብ፣ በነሐስ ወረንጦ ያቆምኳት፣ ከፊቷ የእሱን ከጀርባዋ የኔን እኩል ተቀብላለች። ምን ልበላት? ሥራዋን ነው የሠራችው።

የጆሮ ማዳመጫውን አወለቅኩ። ሰሌዳውን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳም። እጁን ቀስ ብሎ አነሳና ጣቱን ቀሰረብኝ።

አሁን ተናገሪ። አየር ላይ ነሽ።

ያን ሁሉ ዘመን እኔ ነበርኩ የምቀስርበት፤ አንድም ቀን ግን ምን እንደሚሰማው አላውቅም ነበር። የምደበቅበት መስታወት ፈለግኩ። እዚያ ያለው መስኮት ብቻ ነው። ጆሮው ደግሞ ከባድ ነው፤ ዝቅ አድርጌ ልነግረው አልችልም። እንዲህ ያለው ነገር በጩኸት ይነገራል? ነገርኩት። ፊቱን እያየሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። አንዷ አስታማሚ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ተስፋ እንዳትቆርጥ ብዬ ነው» አልኩት። «አውቄ አይደለም እዚያ የተቀመጥኩት፤ በሞቴ፣ አውቄ አይደለም።»

ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። ቱቦው ውስጥ ትንፋሹ ይሰማል፤ ይገባል፣ ይወጣል። እንባው በጉንጩ ወርዶ ፋሻው ላይ ጠፋ። አንድ ነገር ላድርግለት፣ የሆነ ነገር ላስተካክልለት ብዬ ተጣደፍኩ፤ «የኔን ድምፅ ከቅጂው አወጣዋለሁ፣ ልጁ አይሰማውም፣ እቆርጠዋለሁ» አልኩት። እጄ ሳላዘው ተነስቶ መዳፌ ጉሮሮዬ ላይ አለፈ።

ከታመመ ወዲህ በመካከላችን ያልታየው ምልክት። ያን ፋሻ እያየሁ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ እያለቀሰ መሰለኝ፤ እየሳቀ ነው። ያለ ድምፅ፣ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ፣ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ፤ ሳቄ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ተቀየረና አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፋሁ።

ቀና ስል ሁለት እጆቹን አንስቷል። መዳፎቹን ደረቱ ፊት አገናኝቶ ቀስ ብሎ ወደ ግራና ቀኝ ይስባቸዋል፤ ላስቲክ እንደሚስብ ሰው። ቀኙ ሄደ፤ ግራውን የግሉኮሱ ገመድ ያዘው። ገመዱ የፈቀደለትን ያህል ሳበውና እዚያው አቆመው። ጎትቺው ነው የሚለኝ። ሰዓት አለ፣ ሙዪው።

ምን ያህል እንደሚጎተት እኔ በምን አውቃለሁ? ሐኪሙም አያውቅ። ወንበሩን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ በዓይኑ በኩል፣ እንዲያየኝ። «እንግዲህ ስማ» አልኩት ጮክ ብዬ፣ «ያ የአስተዳደር ኃላፊ አፉን ለጥፎ ፉ ያለ ቀን…» ብዬ ጀመርኩ። ሾርባው ቀዘቀዘ። እጁን እስኪያወርድ ድረስ አወራለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እጁን አላወረደም።